ከነጩ ድንጋይ ሥር

ፈለቀች በእልህ ያልጀመረችው ነገር የለም፤ አበባ ማንሳቱንም የጀመረችው በእልህ ነው።

ዘንድሮ መስከረም ላይ፣ ከእህቷ ልጅ በደረሳት ፊቱ በተሰነጠቀ ስልክ አንድ አደይ አበባ አነሳችና ለብሎኩ ጥበቃ ለጋሽ ሳህሌ አሳየቻቸው። ጋሽ ሳህሌ ዕድሜያቸውን በባቡር ሥራ ጨርሰው አሁን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም በር ላይ ተቀምጠው የወጪ ወራጁን ጫማ የሚቆጥሩ ሽማግሌ ናቸው። ስልኩን በእጃቸው አርቀው ይዘው አዩት።

«ጥሩ ነው። አበባ እንግዲህ የመስከረም ነው» አሉ። «መስቀል ካለፈ ወዲያ ከዚህ አገር አበባ እፈልጋለሁ ካልሽ የፕላስቲክ ግዢ።»

«ማን አለ?»

«እኔ ሳህሌ አልኩ።»

«እንግዲያው እዚህ ወንበር ላይ ቁጭ እንዳሉ ያያሉ። በየወሩ አንድ አበባ አምጥቼ ግድግዳው ላይ ካልለጠፍኩልዎት ፈለቀች አይደለሁም!»

በቃ፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሐኪም ለስኳርሽ በእግርሽ ሂጂ ብሏት ስለነበር መንገዱስ መቼም ነበራት፤ ጠዋት ጠዋት ከብሎኩ ጀርባ ወርዳ፣ ጅረቱን ተከትላ፣ አሮጌው የባቡር ሐዲድ ድረስ ትሄዳለች። ሰው ያልተከለውን፣ ማንም ውኃ ያላጠጣውን፣ ከአገሩ አፈር በራሱ ጊዜ የወጣውን እያጎነበሰች ታነሳለች። በጥቅምት ማገጡን፣ በኅዳር ኮሸሽላውን፣ በጥር የግራዋውን ነጭ አበባ፣ ሚያዝያ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ሲል በአንድ ሌሊት ብቅ የሚለውን የጅብ ሽንኩርት። ወሩ ሲያልቅ ፎቶ ቤት ታሳጥብና ከደረጃው ግድግዳ ላይ በተርታ ትለጥፋለች። ሰው ሲወጣና ሲወርድ ቆም ብሎ ያያል። ጋሽ ሳህሌም «እስቲ ይሁን» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበራቸውም።

የታኅሣሡ ብቻ አጨቃጨቃቸው። በታኅሣሥ ሜዳው ደርቆ አበባ ቢጠፋባት፣ አንድ የደረቀ እሾሃም ፍሬ አራት ቦታ ተሰንጥቆ ልክ እንደ አበባ ተከፍቶ አገኘችና እሱን አንስታ ለጠፈች።

«ይሄማ አበባ አይደለም» አሉ ጋሽ ሳህሌ። «ይሄ የአስተናግር ፍሬ ነው። ሰው ቢቀምሰው ከሞቱ ዘመዶቹ ጋር ሲያወራ ነው የሚውለው፤ ይገድላልም። አውርጂው።»

«ፎቶው አይበላ! ያምራል፤ አይወርድም» አለች። አልወረደምም።

ፈለቀች ከሦስተኛ ክፍል አላለፈችም። ያነሳችበትን ቦታ በጽሑፍ አትይዝም፤ ምልክቷ ዓይኗ ያረፈበት ነገር ነው። የተሰበረ የሲሚንቶ ቱቦ፣ የዘመመ የስልክ እንጨት፣ ሐዲዱ ዳር ድሮ ኖራ የተቀባ ነጭ ድንጋይ። አበባውን ስታነሳ ምልክቱንም ከጥግ ታስገባዋለች። ፎቶዎቹን በየወሩ ለይታ ስልኩ ውስጥ ያስቀመጠችላት ናዕማ ናት፤ ምድር ቤት ሱቅ ያላት የጎረቤቷ የሐጀራ ልጅ።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ነበር፤ ይሄንን ማንም አያውቅም። ፈለቀች አታሸትም። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ የክር ፋብሪካ ማቅለሚያ ክፍል ውስጥ ከበርሜል ላይ ስታጎነብስ ኖራ፣ አንድ ቀን እቤቷ ወጥ እያረረ እሷ አጠገቡ ቁጭ ብላ ጎረቤት በሩን ሰብሮ ሲገባ ነው አፍንጫዋ እንደሞተ የገባት። የወጧን ማረር የማታውቅ ሴት ምን ሴት ናት ይሉኛል ብላ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ሰው ፊት ስትሆን ቅጠሉንም ፍሬውንም ልክ እንደ ሰው ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋና «እፍፍ! ደስ ሲል!» ትላለች። ማን ያውቅባታል?

*

ነሐሴ በገባ በሳምንቱ ሐጀራን ምች መታት። ዝናቡ ቆም ብሎ ፀሐይ ጠንከር ባለበት ቀትር ላይ ሱቋ በር ላይ ሽሮ ስታበጥር ዋለችና በማግሥቱ ከንፈሯ አብጦ፣ ትኩሳት ይዟት፣ አፍንጫዋ ታፍኖ ተኛች። ፈለቀች ልትጠይቃት ወረደች።

«ናዕማን ገበያ እልካታለሁ፤ ዳማ ከሴ ታምጣልኝ» አለች ሐጀራ በታፈነ ድምፅ።

«ምን ሊያደርግልሽ ገበያ? ሦስት ቀን የከረመ ጠውላጋ! እኔ ሐዲዱ ዳር ከሰኔ ጀምሮ የምከታተለው አለኝ። አሁን ሊያብብ ነው፤ የነሐሴን ቦታ ለእሱ ነው የያዝኩለት። ይኸው!» ስልኳን አውጥታ አሳየቻት። ዳሩ ጥርስ ጥርስ ያለው ለምለም ቅጠል ነው። «በሰኔ ይሄን ታክል ነበር። በሐምሌ ደግሞ ይሄን። ልጅ እንደማሳደግ በይው።»

«እርግጠኛ ነሽ ግን ፈሉ?»

«ሐጁ! ዓመት ሙሉ ሜዳ ለሜዳ ስዞር የኖርኩትን ሴትዮ ነው የምትጠይቂው?»

ሄደች። ከነጩ ድንጋይ ሥር ከበቀለው ለምለም ቅጠል አንድ እፍኝ ቀነጠሰች፤ ሊፈካ የደረሰውን እምቡጥ ግን ለፎቶዋ ስትሳሳለት አልነካችውም። ሐጀራ ቤት ተመልሳ በሙቀጫ ወቀጠችው። ናዕማ ከሱቁ ብቅ አለችና ፊቷን አጨማደደች።

«እትዬ ፈለቀች፣ ይሄ ነገር በጣም ይሸታል። ዳማ ከሴ እንዲህ ነው እንዴ የሚሸተው?»

ፈለቀች ሙቀጫውን አንስታ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ምንም። እንደ ሁልጊዜው ምንም። ግን ልጅቷ ቆማ ታያታለች።

«መድኃኒት ሽቶ መሰለሽ? ሂጂ፣ ሰው ቆሟል ሱቁ ውስጥ!»

ጭማቂውን በነጠላ ጠርዝ ጨምቃ፣ በጥቁር ቡና ላይ አድርጋ አጠጣቻት። ሐጀራ አፍንጫዋ ታፍኖ ምኑንም ሳትለይ ጭልጥ አደረገችው፤ «አላህ ይስጥሽ» ብላ ጋቢዋን ተከናነበች። ፈለቀች ደረጃውን ስትወጣ ሰው ረድታ እንደምትመለስ ሰው ደረቷ ሞላ ብሎ ነበር። በፎቶዎቿ በኩል ስታልፍ የነሐሴን ባዶ ቦታ በጣቷ መታ መታ አደረገችው።

*

አንድ ሰዓት ይሁን ትንሽ ይለፍ፣ የናዕማ ጩኸት ብሎኩን ሰነጠቀው።

ፈለቀች በነጠላ ጫማ ሮጣ ወረደች። ሐጀራ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቷል። ዓይኗ፤ የሐጀራ ዓይን እኮ ቡናማ ነበር፤ አሁን ግን ቡናማው ጠፍቶ ጥቁሩ ብቻ ነው፣ እንደ ጉድጓድ ተከፍቷል። በሁለት ጣቷ ከአየር ላይ የሌለ ክር እየለቀመች ጉልበቷ ላይ ትጠቀልላለች።

«ሐጁ? ሐጁዬ?»

ሐጀራ ዞር ብላ በፈለቀች ትከሻ በኩል ግድግዳውን አየች። ፈገግ አለች።

«ነፊሳ፣ ግቢ እንጂ። ስኳሩ ሁለት ኪሎ ነው ያልሽው? ዝናቡ አበሰበሰሽ እኮ፣ እህቴ።»

ናዕማ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ነፊሳ የሐጀራ ታላቅ እህት ናት፤ ከሞተች ስድስት ዓመት አልፏታል።

ፈለቀች እጇን የሐጀራ ግንባር ላይ አሳረፈች፤ ይፋጃል፤ ግን ጠብታ ላብ የለውም፣ እንደ ጠፍ መሬት ደርቋል። ሐጀራ ምላሷ ከላንቃዋ እየተጣበቀ ውኃ ትላለች፤ ውኃውን ሲሰጧት ደግሞ ብርጭቆውን ትታ ከጎኑ ያለውን አየር ትጨብጣለች። ጋሽ ሳህሌ ከበር ሮጠው መጡ፤ ባጃጅ አስቆሙ፤ ጎረቤት ተረባርቦ አወረዳት። ባጃጁ ውስጥ ሐጀራ በናዕማና በፈለቀች መሀል ሆና መንገዱን ሙሉ ስኳር ስትመዝን፣ ለሌለ ደንበኛ መልስ ስትመልስ ሄደች። እንዲያውም አንዴ ሳቀች። ከሁሉ ያስፈራው ሳቁ ነው።

*

ጤና ጣቢያው ውስጥ የተቀበለቻቸው ዶክተር እድላዊት የምትባል ወጣት ሐኪም ናት። መብራት ሐጀራ ዓይን ውስጥ አበራች፤ ልቧን አዳመጠች፤ አንገቷን ወደ ደረቷ ጎንበስ ቀና አደረገች።

«ምን በላች? ምን ጠጣች?»

«ምች መትቷት ነው፤ ዳማ ከሴ ነው የጠጣችው» አለች ፈለቀች ከናዕማ ቀድማ። «ሌላ ምንም።»

«ዳማ ከሴ መሆኑን ያውቃሉ?»

«በገዛ እጄ ነው የቀነጠስኩት።»

ዶክተሯ ነርሷን ጠራች። «ትኩሳት አለ፣ እየቀባዠረች ነው። ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል፤ እዚህ መርምረን መለየት አንችልም። ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሪፈር ጻፊላት፤ አምቡላንስ ጥሪ።» ከዚያ ወደ ፈለቀች ዞረች፤ «ግን እናቴ፣ ዓይኗ እንዲህ የሆነው አላማረኝም። መርዝነት ያለው ቅጠል እንዲህ ያደርጋል። እሱ ከሆነ ጨጓራዋን እዚሁ አሁኑኑ ማጠብ አለብኝ፤ አንድ ሰዓት መንገድ ላይ ማባከን የለብኝም። ያልሆነ እንደሆነ ደግሞ እኔ ሳቆያት በሽታው ጭንቅላቷን ይጨርሰዋል። ስለዚህ በደንብ አስቡና ንገሩኝ። ዳማ ከሴ ነው?»

«ነው አልኩሽ እኮ!»

«አሽተውታል? ዳማ ከሴ ደስ የሚል ሽታ ነው ያለው።»

ናዕማ ቀና ብላ ፈለቀችን አየቻት።

«አሽትቼዋለሁ» አለች ፈለቀች።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም ሰለላባት። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ እሷ ግን ምላጩን ራሷ አልነበረም የዋጠችው፣ ለሰው ነው ያስዋጠችው። ይሄን ሐሳብ ከጭንቅላቷ ልታባርረው ስልኳን አወጣች። «ከፈለግሽ ይኸው ፎቶው። ከሰኔ ጀምሮ ነው የማውቀው። እዪው!»

የሐምሌን ልትከፍት ብላ የተሰነጠቀው መስታወት አልታዘዝ አላት፤ ፎቶዎቹ ወደ ኋላ ተንሸራተቱ፤ ሰኔ፣ ግንቦት፣ ሚያዝያ፣ እያለ ታኅሣሥ ላይ ቆመ። የደረቀው እሾሃም ፍሬ። አራት ቦታ የተሰነጠቀው። ጋሽ ሳህሌ አውርጂው ያሏት።

ልታሳልፈው ስትል ዓይኗ ከፎቶው ጥግ ላይ አረፈ።

ነጭ ድንጋይ። ኖራው ከላይ በኩል የተፈረፈረ፣ በግራ ጎኑ የተነደለ።

የሐምሌን ከፈተች። ለምለም ቅጠል። ጥግ ላይ፣ ነጭ ድንጋይ። ኖራው ከላይ የተፈረፈረ። በግራ ጎኑ የተነደለ።

መልሳ ታኅሣሥን። መልሳ ሐምሌን።

አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ዓመት ሙሉ በየወሩ ስታነሳ፣ በየወሩ ስትለጥፍ፣ አንድ ቀን እንኳ የደረቀው የለምለሙ እናት ትሆን ብላ አላሰበችም። በታኅሣሥ የተሰነጠቀው ፍሬ ዘሩን የት ያፈሳል? እዚያው ነዋ። ድንጋዩ ሥር ነዋ! ስሙን ያውም ሽማግሌው ነግረዋታል። ግድግዳዋ ላይ ለጥፋ፣ በቀን አራቴ በአጠገቡ እየወጣችና እየወረደች፣ ቅጠሉን ወቅጣ ለጓደኛዋ አጠጣች።

ከመጋረጃው ጀርባ የሐጀራ ድምፅ ይሰማል፤ «ነፊሳ፣ ቆይ አብረን እንሄዳለን፤ ሱቁን ልዝጋ።»

ፈለቀች ያን ስትሰማ ብድግ አለች። ለራሷ ያዘነችው እስከዚያች ደቂቃ ብቻ ነው።

«ዶክተር! አስተናግር ነው!»

«ምን አሉ?»

«ዳማ ከሴ አይደለም፤ አስተናግር ነው ያጠጣኋት። አንድ እፍኝ ሙሉ፣ ወቅጬ። ይኸው ፍሬው፣ ይኸው ቅጠሉ፣ ቦታው አንድ ነው፣ ድንጋዩን እዪው! አላሸተትኩትም። እኔ አላሸትም። አፍንጫዬ ከሞተ ቆይቷል፤ ዋሽቼሽ ነው። አምቡላንሱን ተዪው፣ እጠቢያት!»

ዶክተሯ ሁለቱን ፎቶ አንዴ አየች፤ ሌላ አልጠየቀችም። መጋረጃው ተገፈፈ፣ ቱቦ መጣ፣ ግሉኮስ ተሰቀለ። ናዕማ ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ብትሳደብ ይሻል ነበር።

«ይሸታል ብዬዎት ነበር እኮ» አለች ቀስ ብላ።



*

ሐጀራ በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ወደ ልቧ ተመለሰች። ፈለቀች እስከዚያች ሰዓት ከአግዳሚው ወንበር አልተነሳችም፤ ምግብ ሲያመጡላት እንኳ የሰውን ዓይን አላየችም። ነርሷ «ትጠራሻለች» ስትላት እግሯን እየጎተተች ገባች።

የሐጀራ ዓይን ትንሽ ትንሽ ቡናማ ሆኗል። ድምጿ ሻክሯል።

«ፈሉ፣ ትናንት የሱቁን ስኳር ሁሉ ለነፊሳ ሸጬ ጨረስኩ አሉኝ።»

ፈለቀች አልሳቀችም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ አንድም ሳታስቀር ነገረቻት፤ ድንጋዩን፣ ፍሬውን፣ ናዕማን ማባረሯን፣ አፍንጫዋን። መጨረሻ ላይ ነው የሐጀራ ፊት የተለወጠው።

«ቆይ፣ አታሸቺም?»

«አላሸትም።»

«ስምንት ዓመት ሙሉ በየበዓሉ የማመጣልሽን ጨጨብሳ ገና ክዳኑን ሳልከፍተው ‹ሐጁ የቅቤሽ ሽታ!› ስትዪኝ የነበረውስ?»

«ውሸት ነው።»

ሐጀራ ትራሷ ላይ ተመልሳ ኮርኒሱን አየች። መርዙን ስትሰማ እንደዚያ አልደነገጠችም።

«እኔ እኮ ለዚያ ብዬ ነበር ቅቤውን ሦስቴ የማነጥረው» አለች። እንባዋ በጆሮዋ በኩል ወረደ። ፈለቀች ልትጠርግላት እጇን ዘረጋች። ሐጀራ ፊቷን አላዞረችም፤ እጇንም አልያዘችውም።

*

ነሐሴ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ፈለቀች ወደ ሐዲዱ ወረደች። ስትሄድ ከሥሩ ልትነቅለው ነበር፤ ማረሻ የሚያክል ብረት በፌስታል ይዛለች። ከነጩ ድንጋይ ጋ ስትደርስ ግን ቆማ ቀረች። እምቡጡ ፈክቷል። ነጭ፣ ረጅም፣ እንደ ጥሩምባ አፉን የከፈተ፤ ዓመት ሙሉ ካነሳቻቸው ሁሉ የሚያምር። ይሄን ሁሉ መርዝ ይዞ እንዲህ ያምራል። አንዴ አነሳችው፤ ድንጋዩን ከጥግ አስገብታ። ከዚያ ቆፍራ ነቀለችው፤ ሥሩንም አላስተረፈችም።

ፎቶውን አሳጥባ በባዶው ቦታ ለጠፈችው። የታኅሣሡን ከነበረበት አንስታ ከጎኑ አደረገችው። ከሥራቸው የሲጋራ ካርቶን ቀድዳ ለጠፈችና በእስክሪብቶ፣ በዚያ በሦስተኛ ክፍል ጽሕፈቷ፣ ቁርጥራጭ እንጨት በሚመስሉ ፊደሎች ጻፈች፦

«ይሄ አስተናግር ነው። አበባውም ፍሬውም ይሄው ነው። ዳማ ከሴ ነው ብላ ለሐጀራ ያጠጣቻት ፈለቀች ናት። ፈለቀች አፍንጫዋ አያሸትም። ቅጠል ብታመጣላችሁ አትቀበሏት።»

መጀመሪያ ያነበበችው ናዕማ ናት። ከሱቅ ወደ ላይ ስትወጣ ቆመች፤ ካርቶኑን ከላይ እስከ ታች አነበበች። ፈለቀች ከላይ ደረጃው ላይ ቆማ ታያታለች፤ ልጅቷ ግን ቀና አላለችም። ካርቶኑ በአንድ በኩል ተንጋዶ ነበርና አቃናችው፤ ማጣበቂያውን በአውራ ጣቷ ተጭና አለፈች። ሰላምታ የለም።

ወደ ማታ ጋሽ ሳህሌ መነጽራቸውን ፍለጋ ኪሳቸውን ሁሉ ዳበሱና አግኝተው አነበቡት። ሁለቴ አነበቡት። ፈለቀች ከጎናቸው ቆማ ቀልዳቸውን ስትጠብቅ፣ ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ኧረ ልጄ፣ ይሄማ ከልክ በላይ ነው። ስምሽን እንኳ ብታጠፊው ምን አለበት? እንግዳ ይመጣል፣ ሰው ያነባል። ካርቶኑን አውርጂው።»

«አይወርድም» አለች ፈለቀች።